ቋጠሮ፤ ስለ ጨርቅና ስለ ስጦታ ታሪክ

እናቴ ስንቄን የቋጠረችበት ጨርቅ አሁንም ከአልጋዬ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ አለ። አሮጌ ነጠላ ለሁለት ተቀዶ የተገኘ ግማሽ ነው። ባንድ ጫፉ ቀጭን አረንጓዴ ጥለት አለው፤ የተቀደደው ጎኑ በመርፌ ተዘምዝሟል። ወደ ዩኒቨርሲቲ ልመጣ የተነሣሁ ዕለት ሦስት ኪሎ የሚሆን ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬም በየወረቀቱ አድርጋ መካከሉ ላይ አስቀመጠች፤ አራቱን ማዕዘን ሁለት ሁለቱን እያጋጠመች ቋጠረችው፤ ከላይ የተረፈውን ጫፍ ጠምዝዛ እጀታ አበጀችለት። ከሮብ ገበያ ደብረ ማርቆስ፣ ከደብረ ማርቆስም የዓባይን በረሃ ተሻግሬ አዲስ አበባ እስክደርስ ጉልበቴ ላይ ይዤው መጣሁ።

ዶርም ስገባ ግን አፈርኩበት። እውነቱን ልናገር። የሌሎቹ ሻንጣ ባለ ጎማ ነው፤ የኔ ጓዝ ጆሮ ያለው ጨርቅ ነው። አንዱ «ምነው ወንድሜ፣ ሕፃን አቅፈህ መጣህ እንዴ?» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ዳቦ ቆሎውን ወደ ፌስታል ገልብጬ ጨርቁን ከፍራሹ ሥር ወተፍኩት። በሳምንቱ ፍራሽ ስንቀያየር ከጎኔ የሚተኛው ልጅ አገኘው። ወላጆቹ ከጨንቻ መጥተው ሽሮ ሜዳ የሠፈሩ ሸማኔዎች ናቸው። ጥለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ይኼ እኮ ከመኪና የወጣ አይደለም፤ ሰው ተቀምጦ የሠራው ነው። እንዴት ፍራሽ ሥር ትወትፈዋለህ?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ጥያቄ ነው።

ሮብ ገበያ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ትንንሽ ከተሞች ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀኗ ነው። ሮብ ደግሞ የጾም ቀን ነው። ስለዚህ የሮብ ቅቤ ገዢ እንደ ቅዳሜ ገዢ በጣቱ ነክቶ አይልስም፤ በአፍንጫው ነው የሚፈርደው። ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ ያህል ነው፤ ዋናው ነገር ሌላ ነው። ገበያ ቆሞ ያስተዋለ ሰው፣ ሸቀጡ ሁሉ ሲመዘንና ሲሰፈር ውሎ መጨረሻው ጨርቅ ውስጥ መግባት እንደሆነ ያያል። አክስቴ ገበያ ስትወጣ ቦርሳ አትይዝም፤ ለሷ የነጠላዋ አራት ማዕዘን አራት ኪስ ነው። ባንዱ ጨው፣ ባንዱ ቡና፣ ባንዱ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ዕጣን፣ ባራተኛው ሳንቲም ታስራለች። የብር ኖቱ ግን መቀነቷ ውስጥ ነው፤ እሱን ለማውጣት ዘወር ማለት ያስፈልጋል። የሳንቲሙ ቋጠሮ ሁለት ጊዜ የተጠመዘዘ ነው፤ ሌባ ቢሞክረው ጊዜ ይፈጅበታል፣ እሷም ራሷ በጥርሷ ነው የምትፈታው። የቡናው ደሞ ባንድ እጅ ሳብ ሲያደርጉት የሚፈታ ነው፤ በሌላው እጇ ማንቆርቆሪያ ይዛለችና።

የልጆቹም ቋጠሮ ለብቻው ነው። ቤት ቀርቶ የሚጠብቅ ሕፃን ካለ፣ አክስቴ አንድ እፍኝ የተቆላ ሽምብራ በመዳፍ በምታህል ቁራጭ ጨርቅ ላይ ታደርግና ሁለቱን ጫፍ አስራ ሁለቱን ቀጥ አድርጋ ትተዋቸዋለች። ጆሮ ያላት ጥንቸል ትሆናለች ማለት ነው። ሽምብራው ተበልቶ ሲያልቅ ጥንቸሏ ሞተች ተብሎ ይለቀሳል፤ ሮብ ደርሶ እንደገና እስክትነሣ ድረስ። እኔ ለስንት ጥንቸል እንዳለቀስኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል።

ቋጠረ የሚለውን ግስ አንባቢ ልብ ብሎ ይመልከተው። ስንቅ ይቋጠራል። ገንዘብ ይቋጠራል። የተከፋ ሰው ግንባሩን ይቋጥራል፤ የባሰበት እንደሆነ ቂም ይቋጥራል። ዓይን እንባ ይቋጥራል። ገጣሚም ስንኝ ይቋጥራል። መጠቅለልና መቋጠር እንግዲህ አንድ አይደሉም። የጠቀለለ ሰው ነገሩን ሸፍኖ ሊተወው ይችላል፤ የቋጠረ ሰው ግን የሚፈታ እጅ ይጠብቃል። ቂም የቋጠረው እንኳ የሚፈታበትን ቀን ነው የሚጠብቀው።

ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማ ጊዮርጊስን ያልሰማ የቅኔ ተማሪ የለም። ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው። አንጥረኛው የጌጡን መልክ መጀመሪያ በሰም ያበጃል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያፈስሰውና በቦታው ወርቅ ያንቆረቁርበታል። በቅኔም ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፣ ወርቁ ውስጡ ያለው ነው። ሰሙን ሰምቶ ደስ ብሎት የሄደ ሰው፣ ቋጠሮውን ተቀብሎ ሳይፈታ ቤቱ እንደገባ ያለ ነው። እንግዲህ ነገሩን ጨርቅ አልብሶ መስጠት ለአገሬው እንግዳ ጥበብ አይደለም፤ በቃልም በእጅም የሚያደርገው ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። ከጎጃም ተነሥቶ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ስለተሰጠ ነገር የተጻፈ ምስክርነት ሳስስ ያገኘሁት የአንድ ፖርቱጋላዊ ቄስ ነው። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከመልእክተኛው ከሮድሪጎ ዴ ሊማ ጋር በ1512 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1520) በምጽዋ በኩል ገብቶ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገራችን ስድስት ዓመት ያህል ቆየ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ታተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የጎጃም ግብር ወደ ንጉሡ ሠፈር እንዴት እንደሚገባ ይተርካል። 3,000 ፈረስና 3,000 በቅሎ እየተሳቡ ያልፋሉ። ጨርቅ የተሸከሙ ሰዎች ይከተላሉ። 3,000ው ባንድ ፊቱ ጠጉራም የሆነ፣ ትልልቅ ሰዎች አልጋቸው ላይ የሚያደርጉት ወፍራም የጥጥ ልብስ ነው፤ ቡልኮን የሚያውቅ ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ይገምታል። ሌላው 3,000 ደግሞ ዋጋው ዝቅ ያለ ተራ የጥጥ ጨርቅ ነው። ከነሱ ኋላ ዐሥር ሰዎች ይመጣሉ። እያንዳንዳቸው ምግብ የሚበላበትን የመሰለ ክብ ገበታ በራሳቸው ተሸክመዋል። ገበታዎቹ በአረንጓዴና በቀይ ስስ ሐር ተሸፍነዋል። ከሐሩ ሥር ያለው ወርቅ ነው፤ 30,000 ወቄት።

ይህን ገጽ ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። ፈረሱ አልተሸፈነም። ጨርቁም አልተሸፈነም። የተሸፈነው ወርቁ ብቻ ነው። ከሌባ ለመሰወር ነው እንዳይባል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሕዝብ መሀል፣ ዐሥር ሰው በራሱ ላይ ይዞት ያልፋል፤ ከሐሩ ሥር ምን እንዳለ የማያውቅ ሰው በሠፈሩ ውስጥ አልነበረም። ታዲያ ሐሩ ምን ይሠራል? መልሱን ያገኘሁት ጥምቀት ላይ ነው። ታቦት ሲወጣ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ በካህኑ ራስ ላይ ነው፤ ማንም አያየውም፤ ሁሉም ግን ይሰግዳል። ያው አልቫሬዝ ንጉሡ ራሱ ከመጋረጃ በስተጀርባ ሆኖ መልእክተኞችን እንደሚያነጋግር ጽፏል። በእኛ አገር ልማድ የከበረ ነገር የሚከብረው በመታየቱ ሳይሆን በመሸፈኑ ነው። ወርቁን ገልጠው ቢያሳልፉት ኖሮ ተራ ዕቃ ይሆን ነበር።

ነገር ግን የሐሩ ሥራ ይህ ብቻ አይመስለኝም። ስጦታ ነው የተባለው በመሠረቱ ግብር ነው። አማርኛችን ራሱ በዚህ ጉዳይ ብዙ መሸፈኛ አለው፤ እጅ መንሻ ይላል፣ መተያያ ይላል፣ ገጸ በረከት ይላል፣ አምኃ ይላል። ሁሉም ቃል መልካም ነው። ሁሉም ግን «ባላመጣ ምን እሆናለሁ?» የሚለውን ጥያቄ ሐር ያለብሰዋል። ገበሬ ለበዓል ሙክት ጎትቶ፣ ማሩን በቅል አድርጎ በአዲስ ጨርቅ አፉን አስሮ ወደ ባለጉልቱ ቤት ሲሄድ፣ የማሩ አፍ የታሰረበት ጨርቅ ከልጁ ልብስ ይነጣ ነበር። ከእንዶዳም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች የሚያምጹት ከልማድ በላይ አምጡ በተባሉት ነገር የተነሣ መሆኑን ያነበበ ሁሉ ያስታውሳል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ላይ ሲነሣ ደግሞ ነገሩ ልብ ወለድ አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ መተያያውም ከጉልቱ ጋር ሄደ። የቃሉ ሽታ ግን ቢሮ አካባቢ አሁንም አለ፤ ዛሬ ጨርቁ ፖስታ ሆኗል።

እኔን ይበልጥ የከነከነኝ ሌላ ነው። አልቫሬዝ ስድስት ሺህ ጨርቅ ቆጥሯል፤ የፈተለች ሴት ወይም የሸመነ ሰው ግን አንድም አልቆጠረም። እሱን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ የኛም ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች አልቆጠሩም። አንድ ጋቢ ለማውጣት ጥጡ ይለቀማል፣ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፤ ሴቲቱ በእንዝርት ሳምንታት ትፈትላለች፤ ልቃቂቱ ለሸማኔ ይሰጣል፤ ሸማኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ከታች እያንቀሳቀሰ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ይወረውራል። ይህ ሁሉ በስድስት ሺህ ሲባዛ ስንት ጀርባ እንደጎበጠ አንባቢ ያስላ። ሐሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ጥጡ ግን የአገሬው እጅ ነው።

በኋለኞቹ ዘመናት በጎጃምና በጎንደር ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ በጎንደር በኩል ቤተ እስራኤላውያንም በሸማ፣ በብረትና በሸክላ ሥራ ይታወቁ ነበር። ምክንያቱ የእጅ ተሰጥዖ ብቻ አይደለም። ርስት የተከለከለ ሰው በእጁ ሥራ ይኖራል። በ1660 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1668) በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሠፍሩ ወስኗል። እንግዲህ ባላባቱ የሚደርበው ጃኖ፣ ዲያቆኑ የሚያጣፋው ነጭ ሸማ፣ ሙሽራዋ የምትሸፈንበት ኩታ፣ አብሯቸው ማዕድ ከማይቆርስና መሬት ከሌለው ሰው እጅ የወጣ ሊሆን ይችላል። ሸማው ሲከበር ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ይባል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ በጎ ነው፤ ስድቡን ግን አላጠፋውም። እኔ ራሴ በልጅነቴ ቃሉን ትርጉሙን ሳላውቅ ሰው ሳናድድበት ኖሬያለሁ። ያን ዕለት የሽሮ ሜዳው ልጅ ጥለቱን ሲዳስስ የደነገጥኩት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላው የጨርቅ ማረፊያ የብራና መጽሐፍ ነው፤ ይህ ክፍል ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ልቆይበት። የመጽሐፉ ሁለት የእንጨት ገበታ በቆዳ ይለበጣል። ቆዳው ወደ ውስጥ ታጥፎ ሲጣበቅ በገበታው ውስጠኛ ፊት መካከል አራት ማዕዘን ባዶ ቦታ ይቀራል። ደጓሹ ያንን ባዶ በቁራጭ ጨርቅ ይሞላዋል። ከውጭ ሲታይ ቡናማ ቆዳ ብቻ የሆነ መጽሐፍ ሲከፈት ድንገት ቀይ አበባ፣ ሰማያዊ መስመር ወይም የወርቅ ክር ያለበት ሐር ብቅ ይላል። ከህንድም ከአውሮፓም የመጣ ጨርቅ በዚህ መንገድ ተጠብቆ ቆይቷል፤ ዛሬ የንግድ ታሪክ አጥኚዎች የዚያን ዘመን ሸቀጥ ለማወቅ የመጽሐፍ ሽፋን ይከፍታሉ። የግራው ገበታ ጨርቅ ከቀኙ ጋር የማይመሳሰልበት ጊዜም አለ። ቁራጩ አልበቃ ብሎት ይሆን፣ ወይስ ሰውየው ጨዋታ አምሮት? እኔ ጨዋታ ነው እላለሁ፤ ያን ያህል ቀን መዝሙረ ዳዊት ሲጠርዝ የኖረ ሰው አንድ ቦታ ላይ ፈገግ ማለት አለበት።

ስዕል ያለበት ቅጠል ላይ ደሞ ከላይ በኩል ስስ ጨርቅ ይሰፋበታል። ቀለሙ እንዳይፋቅ ነው። በልጅነቴ አንድ አባት የእመቤታችንን ስዕል ሊያሳዩን ያንን መጋረጃ በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ሲገልጡ፣ ከስዕሉ ይልቅ የመገለጡ ነገር ነው በልቤ የቀረው። ከዚያ መጽሐፉ ማኅደሩ ውስጥ ይገባል፤ ማኅደሩም በጠፍሩ ከግድግዳ ይሰቀላል። ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ማኅደር፤ ሦስት ጊዜ የተሸፈነ ቃል። በገጾቹ ራስጌ የሚሳለው ሐረግ ራሱ ምንድን ነው? እርስ በርሱ የሚጠላለፍ፣ የት እንደጀመረ የማይታወቅ ቋጠሮ አይደለም እንዴ! ከነጠላ ጥለት ጋር ጎን ለጎን ያስተያየ ሰው፣ ጸሐፊውና ሸማኔው እንደሚተያዩ ያውቃል፤ ማን ከማን ወሰደ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ልተወው።

ቤተ ክህነቱንና ቤተ መንግሥቱን ትተን ወደ ሰርግ ቤት እንሂድ፤ ጨርቅ እውነተኛ ጨዋታውን የሚያገኘው እዚያ ነው። ጥሎሽ ሲቀርብ ልብሱም ጌጡም በአንድ ትልቅ ነጠላ ወይም ኩታ ተጠቅልሎ ይመጣል። ሽማግሌዎች መካከል ቋጠሮው ይፈታል። ከሙሽራው ወገን አንዱ እያንዳንዱን ልብስ ከፍ እያደረገ ያሳያል፤ ከሙሽራዋ ወገን ደግሞ ዋጋ የሚያጣጥል አይጠፋም። «ይኼ ቀሚስ ነው ወይስ የጆንያ አፍ?» ይላል አንዱ፤ ሌላው «አይ፣ ሲታጠብ ነጠላ ይሆናል» ይላል፤ ሳቅ ነው። ሁሉም ወጥቶ ሲያልቅ መሬት ላይ የቀረው መጠቅለያው ነው። እሱንም አጥፈው ከላይ ይደርቡታል፤ ከስጦታው አንዱ ነውና። ይህን ልብ ማለት ያሻል። የፈረንጅ ወረቀት ተቀዶ ይጣላል፤ ስጦታውን ለማየት ሲባል መጠቅለያው ይገደላል። በእኛ ዘንድ መጠቅለያው ይለበሳል።

ለክርስትና አባት ወይም ለነፍስ አባት የሚሄድ መክፈልትም እንዲሁ ነው። ድፎው በኮባ የተጋገረ ነው፤ ኮባው የመጀመሪያ ልብሱ መሆኑ ነው። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፣ አገልግሉም ከጎኑ ይሄዳል። አክስቴ በዚህ ላይ የራሷ ሥርዓት አላት። ለደስታ ቤት የምትወስደውን ስትቋጥር ጥለቱን ወደ ውጭ ታወጣዋለች፤ ለሐዘን ቤት የሆነ እንደሆነ ወደ ውስጥ ታጥፈዋለች። ማን እንዳስተማራት ጠይቄያት «ማን ያስተምረኛል፣ ሐዘንተኛስ ነጠላውን ዘቅዝቆ የለም እንዴ?» አለችኝ። ትክክል ናት። ለታላቅ ሰው ማደግደግ፣ ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ማጣፋት፣ ለሐዘን መዘቅዘቅ፤ አንድ ነጠላ በሰው ገላ ላይ የሚናገረውን ሁሉ እሷ በዳቦ ላይ ታናግረዋለች።

ይህ ጥበብ የኛ ብቻ እንዳልሆነም ማወቅ ደግ ነው። ጃፓኖች ፉሮሺኪ የሚሉት አራት ማዕዘን ጨርቅ አላቸው። ዕቃ በጨርቅ መጠቅለላቸው ጥንታዊ ነው፤ በናራ ከተማ ሾሶኢን በሚባለው ግምጃ ቤት ከ8ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የተቀመጡ መጠቅለያዎች አሉ። ስሙ ግን ከመታጠቢያ ቤት የመጣ ነው፤ ገላቸውን የሚታጠቡ ሰዎች ልብሳቸው እንዳይለዋወጥ የሚቋጥሩበትና ከእግራቸው ሥር የሚያነጥፉት ነበርና። ኮሪያውያን ደግሞ ቦጃጊ ይሉታል። የኮሪያ ሴቶች ከልብስ ስፌት የተረፈውን ቁርጥራጭ እየገጣጠሙ የሚሠሩት፣ ጆጋክቦ የሚባለው ዓይነት፣ ዛሬ በሙዚየም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ስፌተኞቹ ስማቸው አይታወቅም። ይኸም ከኛ ጋር ያመሳስላቸዋል።

የሚገርመው ፉሮሺኪ የሚቋጥሩት ሰዎች አንድ ጊዜ ለኛም ጨርቅ ሻጮች ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገበያችንን የያዘው አቡጀዲ በብዛት የአሜሪካን ነበር፤ ከኢጣሊያ ወረራ በፊት ባሉት ዓመታት ግን ርካሹ የጃፓን ጨርቅ ገፍቶት ቦታውን ወሰደ። አቡጀዲ ለገበሬው እጀ ጠባብ ሆነ፣ ለእህል ከረጢት ሆነ፣ ለሬሳ መግነዝ ሆነ። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ከጣሊያን በተከፈለ የጦር ካሳ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። የመኪናው ጨርቅ እየረከሰ ሲሄድ የእጁ ሸማ ወደ በዓል ልብስነት ከፍ አለ፤ ሸማኔው ግን አብሮ ከፍ አላለም።

ቀጥሎ የመጣው ፌስታል ነው። የሮብ ገበያ ሰው ሲሸኝ ቆሞ ያየ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ገበያተኛው ይሄዳል፣ ጥቁርና ሰማያዊ ፌስታል ግን ቁጥቋጦው ላይ ተሰቅሎ ያድራል። ላም ትበላዋለች። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስሱን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ ሕግ አጽድቋል። ጃፓኖችም እ.ኤ.አ. በ2006 የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትራቸው ዩሪኮ ኮይኬ በፌስታል ፋንታ ፉሮሺኪ ያዙ እያሉ ሲቀሰቅሱ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥም አንዳንድ የስጦታ ሱቆች በጥለት ጨርቅ ጠቅልለው በውድ ሲሸጡ አይቻለሁ። አልተቃወምኩም፤ ቆንጆ ነው። የቋጠሮው አስተሳሰር ግን ያክስቴ ነው።

ባለፈው ፋሲካ አገር ቤት ስሄድ ጨርቁን ይዤው ገባሁ። አጥቤዋለሁ፣ ተኩሼዋለሁ፣ አራት ላይ አጥፌዋለሁ። ፍራሽ ሥር ማደሩን አልተናገርኩም። እናቴ ተቀበለችኝና ከፍታ አየችው፤ ገለበጠችው፤ እንደገና አየችው።

«ባዶውን ነው እንዴ ያመጣኸው?» አለችኝ።

የሰው ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ ረስቼው ነበር። ደንግጬ ወደ ቦርሳዬ ሄድኩና ያመጣሁላትን ሁለት ኪሎ ስኳር አወጣሁ፤ በፌስታል ነው። ተቀብላኝ አልሳመችኝም። ፌስታሉን ቀደደችው፤ ስኳሩን ጨርቁ መሀል ላይ አፈሰሰችው፤ ሁለት ሁለቱን ማዕዘን አጋጠመች፤ አረንጓዴው ጥለት ወደ ውጭ እንዲወጣ አድርጋ ቋጠረችና እጄ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«በል አሁን ስጠኝ» አለችኝ፤ እጇንም ዘረጋች።